የንጉሥ እንግዳ መውጫ የለውም

ቪዛ ሲባል እኛ ኢትዮጵያውያን ራሳችንን የምናገኘው ሁልጊዜ ከበሩ ውጪ ነው። ሰልፉ፣ የባንክ ስቴትመንቱ፣ ከመስተዋቱ ወዲያ የተቀመጠው ፈረንጅ «ወደ አገርህ ለመመለስህ ምን ማስረጃ አለህ?» ሲል… ይኼን ማንም ያውቀዋል፤ አንደግመውም። ዛሬ ነገሩን ገልብጠን ከበረኛው ወገን ልናየው ነው። እኛም አገር አለን፣ እኛም በር አለን። የእኛ መንግሥታት የውጭ አገር ሰው ሲመጣባቸው ምን ሲያደርጉ ኖሩ?

ታሪኩን ስናገላብጥ ያገኘነው ነገር አስገርሞናል። የሌላው ዓለም በረኛ የሚፈራው እንግዳው እንዳይቀርበት ነው። የእኛዎቹ ግን ለረጅም ዘመን የፈሩት እንግዳው እንዳይሄድባቸው ነበር። የመሸበት መንገደኛ «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ብሎ ያድራል፣ ሲነጋ ይሄዳል። የንጉሥ እንግዳ የሆነ ሰው ግን ሲነጋለት መሄጃ የለውም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ ሲሆን እንናገራለን።)

የመጀመሪያው ባለታሪካችን ፔሮ ዳ ኮቪልያ ይባላል። ፖርቱጋላዊ ነው፤ ሥራው ስለላ። የፖርቱጋሉ ንጉሥ ዳግማዊ ዡዋው በ1487 ከአንድ ባልደረባው ጋር ላከው። የተላኩት ሁለት ነገር ፍለጋ ነው፤ አንደኛው የቅመም አገር መንገድ፣ ሁለተኛው በአውሮፓ በወሬ ብቻ የሚታወቀው «ቄሱ ንጉሥ ዮሐንስ»። ባልደረባው በመንገድ ሞተ። ኮቪልያ ግን ሕንድን አይቶ፣ ሆርሙዝን አይቶ፣ በመጨረሻ በዘይላ አድርጎ በ1490ዎቹ መጀመሪያ ከአፄ እስክንድር ዘንድ ደረሰ። ንጉሡ በደስታ ተቀበሉት፤ በክብር ወደ አገርህ እመልስሃለሁ ብለው ቃል ገቡለት። ብዙም ሳይቆይ ሞቱ። በ1494 ነው። የተተኩት አፄ ናዖድ ዘንድ ሄዶ ልሂድ ብሎ ለመነ፤ አይሆንም ተባለ። ናዖድም ሞቱ፣ ልብነ ድንግል ነገሡ። አሁንም አይሆንም።

በ1520 የፖርቱጋል መልእክተኞች ምጽዋ ወርደው ወደ ንጉሡ ሰፈር ሲመጡ ኮቪልያ ባለርስት፣ ባለትዳር፣ የልጆች አባት ሆኖ አገኙት። ከመልእክተኞቹ ጋር የነበረው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1540 በታተመው መጽሐፉ ነገሩን በሰፊው ጽፎታል። ሰውዬው ቋንቋውን ያውቃል፣ የቤተ መንግሥቱን ጠባይ ያውቃል፣ ለመልእክተኞቹ አስተርጓሚና መካሪ ሆነላቸው። መልእክተኞቹ ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1526፣ መርከብ መጥቶላቸው ሲሄዱ ግን እሱ እዚሁ ቀረ። ሠላሳ ዓመት በላይ ማለት ነው።

ልብ በሉ፤ ሰውዬው አልታሠረም፣ አልተራበም፣ አልተገረፈም። ርስት የተሰጠው የውጭ ሰው ነው፤ ዛሬ ቢሆን «የመኖሪያ ፈቃድ ከነንብረት» ብለን እናጨበጭብለት ነበር። የተከለከለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መሄድ።

ደግሞ ብቻውን አልነበረም። ከእሱ ቀደም ብሎ የመጣው የቬኒስ ሠዓሊ ኒኮሎ ብራንካሌዮን እዚሁ አርጅቷል። ከ1520ው መልእክተኞች ውስጥም ሁለቱ አብረው አልተመለሱም። አንደኛው ሠዓሊ ነው፤ ሁለተኛው ዡዋው ቤርሙዴዝ፣ የቀዶ ሕክምና የሚያውቀው። ሠዓሊ፣ ሐኪም፣ አስተርጓሚ… ንድፉ ይታያችኋል? ሙያ ያለው እንግዳ ሲገኝ አይለቀቅም። የገባው በእግሩ ይሁን እንጂ ከገባ በኋላ የንጉሡ ዕቃ ነው። ለእኛ እንደሚመስለን ሌላም ምክንያት አለ። መንገዱን የሚያውቅ ሰው ሲመለስ መንገዱን ይዞ ይሄዳል፤ ሠራዊት የሚያስከትለው እሱ ነው። ይኼ ፍርሃት ከንቱ እንዳልነበረ ወደ ታች እናየዋለን።

ጎንደር ላይ ነገሩ ተገለበጠ። አፄ ሱስንዮስ የሮማን ሃይማኖት ተቀብለው አገሩ በደም ከታጠበ በኋላ በ1632 መንበሩን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ። ፋሲል ኢየሱሳውያኑን ከነፓትርያርካቸው ከአልፎንሶ ሜንዴዝ አባረሩ። እስካሁን መውጣት ነበር የሚከለከለው፤ አሁን መግባት ተከለከለ። ግን ባሕሩ በር በእጃቸው አይደለም፤ ምጽዋ ከ1557 ጀምሮ በቱርክ እጅ ነው። ምን አደረጉ? ከምጽዋና ከሱዋኪን ፓሻዎች ጋር ተዋዋሉ፤ የሮማ ቄስ በወደባችሁ ሲመጣ አታሳልፉብኝ። የራስን በር ለጎረቤት ማስጠበቅ አውሮፓ ሜዲትራኒያን ላይ የፈጠረችው ዘዴ እንዳይመስላችሁ፤ ፋሲል ቀድመዋታል።

የዚህ ደንብ ዋጋ ደግሞ ገንዘብ አልነበረም። በ1638 አጋታንጅና ካሲያን የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን የካፑቺን መነኮሳት ጎንደር ደርሰው ተሰቀሉ። በ1648 ደግሞ ሱዋኪን ላይ ሌሎች ካፑቺኖች አንገታቸው ተቀላ። የሚገርመው በዚያው በ1648 ሐሰን ኢብን አሕመድ አል ሐይሚ የሚባል የየመን ኢማም መልእክተኛ በአፋር በረሃ አቋርጦ ጎንደር ገባ። ቤተ መንግሥት ተቀበለው፣ ተስተናገደ፣ ተመልሶ የመንገዱን ታሪክ ጻፈ። ሙስሊሙ መልእክተኛ በሰላም ገብቶ በሰላም ሲወጣ፣ ክርስቲያኑ መነኩሴ ከወደቡ አላለፈም። እንግዲህ «ክርስቲያን ደሴት» የሚለውን ተረት የምትወዱ ይኼን ምን ታደርጉታላችሁ? ፋሲል የፈሩት የሌላ ሃይማኖት ሰው አይደለም፤ ሃይማኖታቸውን ሊለውጥ የሚመጣውን ነው።

ከዚህ በኋላ ለአንድ መቶ ዓመት ያህል ለፈረንጅ በሩን የሚከፍተው መድኃኒት ሆነ። ሻርል ፖንሴ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም በ1699 ከካይሮ በሱዳን በኩል መጥቶ አፄ ኢያሱን አክሞ ሄደ። ጄምስ ብሩስ በ1769 ምጽዋ ወርዶ በናይቡ እጅ ብዙ ሲጉላላ ቆይቶ ጎንደር ሲደርስ ያዳነው ያው የሕክምና እውቀቱ ነው፤ ፈንጣጣ ገብቶ ስለነበር የእቴጌ ምንትዋብ ቤት ተከፈተለት። ሁለቱም ወጥተዋል። ዕድለኞች ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። በታሪካችን ውስጥ ቁጭ ብሎ የመግቢያ ፈቃድ የጠበቀ ሰው ካለ ሆርሙዝድ ራሳም ነው።

መነሻውን ታውቁታላችሁ። አፄ ቴዎድሮስ በ1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ፣ ለቆንስል ካሜሮን ሰጡ፤ ደብዳቤው ለንደን ደርሶ መልስ ሳያገኝ ቀረ። በ1864 መጀመሪያ ካሜሮን ታሠረ። እንግሊዝም ዘግይታ መልስ ጻፈችና ደብዳቤውን እንዲያደርስ ራሳምን ላከች። ራሳም የሞሱል ተወላጅ ነው፤ በነነዌ ቁፋሮ ስሙ የተጠራ፣ ከዚያ ኤደን ላይ ለእንግሊዝ የሚሠራ። በሐምሌ 1864 ምጽዋ ወረደ። ምጽዋ ሆኖ ለንጉሠ ነገሥቱ ጻፈ፤ የንግሥቲቱን ደብዳቤ ይዤአለሁ፣ እንድገባ ፈቃድዎ ይሁን። መልስ የለም። ደግሞ ጻፈ። የለም። የምጽዋን ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሰውዬው ከአንድ ዓመት በላይ እዚያው ተቀመጠ። በነሐሴ 1865 መልስ መጣ። ደብዳቤው ፊርማም ማኅተምም የለውም! ትግሬ በሽፍታ ስለተያዘ በመተማ በኩል ና ይላል።

እስቲ በራሳም ቦታ ሆናችሁ አስቡት። ማኅተም የሌለው ፈቃድ ይዛችሁ፣ ቆንስል የታሠረበት አገር፣ ባዘዙት መንገድ ዞራችሁ ልትገቡ ነው። ገባ። ሐኪሙን ብላንክንና መኮንኑን ፕሪዶን አስከትሎ በከሰላ ዞሮ በጥር 1866 ከቴዎድሮስ ፊት ቀረበ። አቀባበሉም ግሩም ነበር፤ ምርኮኞቹም ተፈትተው ለእሱ ተሰጡ። በሚያዝያ፣ ሊሄዱ ተነሥተው ስንብት ሲቀራቸው፣ ተያዙ።

ምክንያቱ ያው የድሮው ነው፤ ሙያ። ቴዎድሮስ ከእንግሊዝ መድፍ ሠሪና የእጅ ሙያተኛ ፈልገዋል፤ እንግዶቹ ከሄዱ ሙያተኞቹ አይመጡም ብለው ሰጉ። ጋፋት ላይ መድፍ የሚሠሩላቸው ሚሲዮናውያን ነበሩ፤ ሴባስቶፖልን ያቀለጡት እነሱ ናቸው። ይበቃቸዋል ታዲያ? አይበቃቸውም። ሚሲዮናዊው ፍላድ ለንደን ሄዶ ሙያተኞቹን እንዲያመጣ ተላከ። ሲሄድ ሚስቱና ልጆቹ እዚሁ ቀሩ፤ ዋስ ናቸው። እኛ ይኼ ታሪክ ሲተረክ ሁልጊዜ መድፉና ሽጉጡ ብቻ የሚነሣው ለምን እንደሆነ አይገባንም። አንዲት ሴት ከነልጆቿ ባሏ እስኪመለስ በመያዣነት የተቀመጠችበት አገር ነበረ፤ ይኼም የእኛ ታሪክ ነው። ፍላድ ተመልሷል። በእጁ የያዘው ግን ምርኮኞቹ ካልተለቀቁ ሙያተኞቹ አይመጡም የሚል መልእክት ነው።

ቀጥሎ የመጣው ፈቃድ አልጠየቀም። ናፒየር 13 ሺህ ያህል ወታደር ይዞ በዙላ ወረደ። ቴዎድሮስ በሚያዝያ 1868፣ ከአሮጌ ውጊያ በኋላ፣ ምርኮኞቹን ለቀቁ፤ ሚያዝያ 13 ቀን መቅደላ ሲሰበር ራሳቸውን ገደሉ።

እዚህ ላይ አንድ ሰው አለ፤ ከእንግዶቹ ሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነን እሱ ነው። ልዑል ዓለማየሁ። የሰባት ዓመት ሕፃን ሆኖ ከመቅደላ ተወሰደ፤ የንግሥት ቪክቶሪያ እንግዳ ሆነ። ትምህርት ቤት ገባ፣ ፎቶ ተነሣ፣ ለከበርቴዎች ታየ። አልታሠረም፣ አልተራበም። አገሩን አላየም። በ1879 በ18 ዓመቱ ሊድስ ላይ ሞተ፤ ዊንዘር ተቀበረ። ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደጊዮርጊስ በ2007 አፅሙ እንዲመለስ ጠየቁ። በ2023 ጥያቄው እንደገና ሲነሣ ቤተ መንግሥቱ ሌሎች በአካባቢው የተቀበሩትን ሳንነካ ልናወጣው አንችልም ሲል መለሰ። ንጉሥ እንግዳውን የማይለቅበት ልማድ የእኛ ብቻ አይደለም ለማለት ያህል ነው።

ምኒልክ ዘመን ላይ በሩ ሰፋ። ከዓድዋ በኋላ መልእክተኛው፣ ነጋዴው፣ አዳኙ፣ ወርቅ ፈላጊው ጎረፈ። የንጉሠ ነገሥቱ የይለፍ ደብዳቤ ከነማኅተሙ የያዘ ሰው ኬላውን ያልፋል፤ በየደረሰበት ባላገሩ ድርጎ ያወጣለታል። በግ፣ እንጀራ፣ ጠጅ፣ ማር። እንግዳው የንጉሡ ነው፤ ሂሳቡን የሚከፍለው ገበሬው ነው። ባቡሩ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ሲገባ ደግሞ እንግዳውን አንድ በአንድ ማወቅ ቀረ። በ1908ቱ የክሎቡኮቭስኪ ውል ፈረንጅ ከፈረንጅ ቢጣላ ዳኛው የራሱ ቆንስል ሆነ። ኮቪልያ ይኼን ቢያይ ምን ይል ነበር?

የቀረውን ኃይለ ሥላሴ በወረቀት አደረጉት። ከጣሊያን በኋላ በ1943 የኢሚግሬሽን አዋጅ ወጣ፤ ቪዛ፣ ምዝገባ፣ የመኖሪያ ፈቃድ የሚባሉት እንደ ዛሬው ሆኑ። በ1960ዎቹ ሀብተሥላሴ ታፈሰ የቱሪስት ድርጅቱን ይዘው «የአሥራ ሦስት ወር ፀጋ»ን ለዓለም ሲያስተዋውቁ እንግዳው ሀብት ሆነ፤ መጥቶ፣ ከፍሎ፣ ተመልሶ የሚሄድ እንግዳ። በዚያው ዘመን በ1962 ኔልሰን ማንዴላ ዴቪድ ሞትሳማይ በሚል ስም የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዞ ነበር። የገዛ አገሩ የከለከለውን ወረቀት አዲስ አበባ ሰጠችው። ከወረቀት ታሪካችን የምንኮራበት አንድ ገጽ ቢኖር ይኼ ነው።

ከዚህ በኋላ ጨለማው ይመጣል። በር የሚጠብቅ መንግሥት እንግዳውን የሚከለክለው እንግዳው ሊያይ ስለሚችለው ነገርም ጭምር ነውና። በ1973 የወሎ ረሃብ ሲደበቅ ጆናታን ዲምብልቢ የሚባል እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ገብቶ አየ፤ ፊልሙ በጥቅምት ለንደን ታየ። ደርግ በመስከረም 1974 ንጉሡን ሊያወርድ ዋዜማ ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስል ጋር ቀላቅሎ ለሕዝብ አሳየው። የካሜራን ኃይል ከደርግ በላይ የሚያውቅ አልነበረም ማለት ነው። ለዚህም ይመስለናል ተራው ሲደርስበት በሩን ያጠበቀው።

በሚያዝያ 1977 ቃኘው ጣቢያንና ሌሎች የአሜሪካ መሥሪያ ቤቶችን ዘግቶ ሠራተኞቻቸው በአራት ቀን ውስጥ ይውጡ አለ። የውጭ ሰው ከአዲስ አበባ ወጥቶ ለመሄድ ሌላ ፈቃድ ያስፈልገው ነበር። በመስከረም 1984 የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በሰልፍና በመብራት ሲከበር፣ ለበዓሉ ቪዛ ተሰጥቷቸው የገቡ ጋዜጠኞች ወደ ሰሜን መሄጃ ፈቃድ ተከለከሉ። መዲናዋ ውስጥ ቀይ ምንጣፍ ነው፤ ኮረም ላይ ሰው እንደ ቅጠል ይረግፋል። ፈቃዱ ሲገኝ፣ በጥቅምት፣ መሐመድ አሚንና ማይክል ቡርክ ኮረም ደረሱ፤ ጥቅምት 23 ቀን ቢቢሲ አሳየው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ዓለም ያውቃል። በበዓሉና በፊልሙ መካከል ያሉት ሳምንታት ግን አሁንም ያንገበግቡናል። እህል ከባሕር ማዶ የሚመጣው ሰው ካየ በኋላ ነበር፤ የመንገድ ፈቃዱ የዘገየበት እያንዳንዱ ቀን የእህል ቀን ነው። በ1985 መጨረሻ ደግሞ ድንበር የለሽ ሐኪሞች የፈረንሳዩ ክፍል ስለ ሠፈራው ፕሮግራም ስለተናገረ ተባረረ።

ለዜጋው ግን ያው የጥንቱ ደንብ ነበር የተመለሰለት። የመውጫ ቪዛ! ኮቪልያ ላይ የተሠራው አሁን በአገሬው ሰው ላይ ተሠራ። ፈቃድ ያላገኘው በእግሩ ሱዳን ገባ። የመውጫ ፈቃድ ዋጋ እንዳለውም በአደባባይ ታየ፤ ቤተ እስራኤሎች መውጫ ሲጠብቁ አዲስ አበባ ላይ ተከማችተው ከርመው፣ በግንቦት 1991 በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰው በአውሮፕላን ሲወሰድ እስራኤል ለደርግ መንግሥት 35 ሚሊዮን ዶላር ከፍላ ነው። ገንዘቡ ኒውዮርክ ባንክ ሲገባ መንግሥቱ ራሳቸው ወጥተው ነበር። እሳቸውን ማንም የመውጫ ቪዛ አልጠየቃቸውም።

በ1995 የወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 32 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ፣ በሕጋዊ መንገድ አገር ውስጥ ያለ የውጭ ዜጋም፣ በፈለገው ጊዜ ከአገር የመውጣት ነጻነት አለው ይላል። እንግዳውንና ባለቤቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አስቀመጣቸው። ከሦስት ዓመት በኋላ የኤርትራ ጦርነት መጣ። አሁን ደግሞ ትናንት ጎረቤት የነበረ ሰው «እንግዳ» ተባለ። የኤርትራ ተወላጅ ናቸው የተባሉ 75 ሺህ ያህል ሰዎች፣ የሰብዓዊ መብት ድርጅቶች እንደገመቱት፣ በአውቶቡስ ተጭነው ድንበር ላይ ወረዱ። ቤት ዘግተው፣ ሱቅ ዘግተው፣ አንዳንዶቹም ባልና ሚስት ተለያይተው። እነዚህ ሰዎች መውጫ አልጠየቁም። ኤርትራም በበኩሏ ኢትዮጵያውያንን አባረረች።

በዚያው ጦርነት ማግስት፣ በ1994 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር፣ አዋጅ ቁጥር 270 ወጣ፤ የሌላ አገር ፓስፖርት የያዘ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ያለ ቪዛ እንዲገባ ፈቀደ። ቢጫ ካርድ የምንለው ነው። አዋጁ የኢትዮጵያን ዜግነት ትቶ ኤርትራዊ የሆነውን ከዚህ መብት አውጥቶታል። እንደ ገና በ2018 ቪዛው ኢንተርኔት ላይ ተሞልቶ የሚገኝ ሆነ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አፍሪካውያን ሁሉ ሲደርሱ ቦሌ ላይ ቪዛ ያገኛሉ አሉ።

በሐምሌ 2018 ግን ከዚህ ሁሉ የበለጠ ነገር ሆኗል። ከሃያ ዓመት በኋላ የመጀመሪያው አውሮፕላን ወደ አስመራ በረረ። በመስከረም 11 ዛላምበሳና ቡሬ ላይ ድንበሩ ተከፈተ፤ ሰው በሁለቱም ወገን ያለ ፓስፖርት፣ ያለ ቪዛ፣ ያለ ይለፍ ተሻገረ። እህትማማቾች ተገናኙ፣ ጤፍና ሲሚንቶ ተሻገረ። ዓመቱ ሳያልቅ፣ በታኅሣሥ፣ ዛላምበሳ ላይ ወደ ኤርትራ ሊሻገሩ የሄዱ ሰዎች የይለፍ ወረቀት ተጠየቁ።